ማን እንደሚሰማው የማያውቅ ክላስ፦ የአንድ ባካፕ ፕሮግራም የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጠዋት

ለራሴ ብዬ የጻፍኳት ትንሽ ባካፕ ፕሮግራም አለችኝ። ከአንድ ፎልደር ፋይል ታነሳለች፣ ውጭ ወዳለ ዲስክ ትገለብጣለች፣ ከዚያ ዋናውና ግልባጩ አንድ መሆናቸውን ታረጋግጣለች። የተጻፈችው ሲ ሻርፕ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ስጀምራት 80 መስመር ገደማ ነበረች። ዛሬ አንድ ነገር ልጨምርባት ብዬ ስከፍታት «ገልባጭ» የሚለው ክላስ (ራሱን የቻለ የኮዱ ክፍል) ብቻውን 400 መስመር አልፏል። ከዚያ ውስጥ የመገልበጡ ሥራ 30 መስመር አይሞላም። የቀረው ሁሉ ወሬ ነው፤ ኮንሶል ላይ ጻፍ፣ ሎግ ፋይል ውስጥ መዝግብ፣ መስኮቱ ላይ ያለችውን መቶኛ ከፍ አድርግ፣ ሲያልቅ ድምፅ አሰማ። እያንዳንዱ በራሱ «ኢፍ» ታጥሮ፣ መስኮት ተከፍቷል ወይ፣ ድምፅ ይፈለጋል ወይ እየተባለ ነው የሚኬደው።

ኮንስትራክተሩ (ክላሱን ስንፈጥር የሚሮጠው ኮድ) ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። አንድ ገልባጭ ለመፍጠር መስኮት፣ ሎግ መዝጋቢ፣ ኮንሶል ጸሐፊና ሌሎች ሦስት ነገሮች ማቀበል ግድ ይላል። አንዲት ቴስት ልጻፍ ብል መስኮት ልከፍት ነው። ፋይል ለሚገለብጥ ክላስ!

ስለዚህ የዚህ ሳምንት ሥራ አንድ ነው፤ ገልባጩ «ይህን ፋይል ጨርሻለሁ» ብሎ ይናገር፣ ማን እንደሚሰማው ግን አይወቅ። ለዚህ የሚሆነው ዴሊጌት ነው፤ ሜተድን (ስም ያለው የኮድ ቁራጭ) ይዞ በኋላ የሚጠራ ነገር። እስካሁን ሌሎች ያወጁትን ዴሊጌት ስጠቀም ኖሬያለሁ፣ በተን ሲጫን ይህን ሜተድ ጥራ እንደምንለው ዓይነት። የራሴን ከዜሮ አውጄ ግን አላውቅም።

ስለ ኮዱ አጻጻፍ አንድ ነገር። ሲ ሻርፕ ለስም የዩኒኮድ ፊደላትን ስለሚቀበል ክላሶቼንና ሜተዶቼን የሰየምኳቸው በአማርኛ ነው፤ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደሚሮጥ ፕሮግራም የሚለውጠው) ቅር አላለውም። የቋንቋውን ቁልፍ ቃላት ደግሞ እዚህ ማስታወሻ ላይ ጮክ ብለን ስናነባቸው እንደሚሰሙት ጽፌያቸዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

መጀመሪያ በኢንተርፌስ (ክላስ ሊያሟላቸው የሚገቡ ሜተዶች ዝርዝር) ልሂድ ወይ ብዬ ትንሽ አመነታሁ። አንድ ሜተድ ያለው ኢንተርፌስ አውጆ አድማጭ ሁሉ እሱን እንዲያሟላ ማድረግ ይቻላል። ግን ከአድማጮቼ ግማሾቹ የሁለት መስመር ሥራ ናቸው፤ ድምፅ ለማሰማት ብቻ ክላስ መክፈት ሰለቸኝ። ተያይዘው የሚሄዱ ሦስት አራት ሜተዶች ቢኖሩኝ ኢንተርፌሱን እመርጥ ነበር። ያለችኝ አንዲት ጥሪ ብቻ ናት።

አዋጁ ይኸው፦

ፐብሊክ ዴሊጌት ቮይድ የፋይል_ዜና(ስትሪንግ ስም, ሎንግ መጠን);

አካል የሌለው ሜተድ ይመስላል። እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው መልኩ ነው፤ ሜተድ መስሎኝ «ሜይን» ውስጥ ጻፍኩትና ገጹ በቀይ መስመር ተሞላ። ዴሊጌት ዓይነት ነው፤ እንደ ክላስ፣ እንደ ኢነም። ስለዚህ ከክላስ ውጭ ወይም ክላስ ውስጥ ይታወጃል፣ ሜተድ ሆድ ውስጥ ግን አይታወጅም። ኮምፓይለሩ ያቺን አንድ መስመር ሲያይ ከጀርባ እውነተኛ ክላስ ይሠራል፤ «ማልቲካስት ዴሊጌት» ከሚባለው የሚወርስ፣ እሱን ግን ማንም ሊወርሰው የማይችል፣ «ኢንቮክ» የሚባል ሜተድ ያለው። መስመሩ ሲነበብ «ስምና መጠን ተቀብሎ ምንም የማይመልስ ሜተድ ሁሉ እዚህ ይገባል» ማለት ነው። የሜተዱ ስም ምን እንደሆነ፣ የየትኛው ክላስ እንደሆነ፣ ስታቲክ ይሁን አይሁን ደንታ የለውም።

ቃሉን «ውክልና» ብለን ብንመልሰው ያስኬዳል። ሥልጣኑ አስቀድሞ ተዘርዝሮ የተወካዩ ስም ቦታ ባዶ የተተወበት ወረቀት ነው፤ ስሙ በኋላ ይሞላል። (ይህቺን ዓርብ ተመልሼ ነው የጨመርኳት፦ ምሳሌው አንድ ጉድለት አለው። እዚህ ወረቀት ላይ የስም ቦታው አንድ ሳይሆን የፈለጉትን ያህል ነው፣ የሳምንቱ ጣጣዬም አብዛኛው የመጣው ከዚያ የስም ዝርዝር ነው።)

ገልባጩ ውስጥ አንድ ፊልድ አስቀመጥኩ፦

ፐብሊክ የፋይል_ዜና ሲጠናቀቅ;

እያንዳንዱ ፋይል ሲያልቅ ገልባጩ ልክ ሜተድ እንደሚጠራ አድርጎ ይጠራዋል፦

ሲጠናቀቅ(ስም, መጠን);

ከውጭ ደግሞ፦

ገልባጭ.ሲጠናቀቅ = ኮንሶል_ላይ_ጻፍ;

መጨረሻ ላይ ቅንፍ አለመኖሩን ልብ በሉ። እጄ ስለለመደ ቅንፍ ጨመርኩበትና ኮምፓይለሩ «ቮይድን ወደ የፋይል_ዜና መለወጥ አልችልም» አለኝ። ልክ ነው፤ በቅንፍ ሲጻፍ «አሁኑኑ ጥራውና ውጤቱን ስጠኝ» ነው፣ ያለ ቅንፍ ሲሆን ሜተዱን ራሱን ማቀበል ነው።

ቀጥሎ አንድ የቆየ ሜተድ ላያይዝ ሞከርኩ፤ መጠኑን በሎንግ ፈንታ በኢንት የሚቀበል። እምቢ አለ። ሌላኛው ደግሞ ስሙን በስትሪንግ ፈንታ በኦብጀክት የሚቀበል ነበር፤ እሱ ያለ አንዳች ቅሬታ ገባ። ሰፋ ያለ ነገር የሚቀበል ሜተድ ጠበብ ያለውንም መቀበሉ አይቀርም፣ ስለዚህ አደጋ የለውም። ይህ ፈቃድ የመጣው በ2005 ከሲ ሻርፕ 2 ጋር ሲሆን የሚሠራው ለሪፈረንስ ዓይነቶች ብቻ ነው፤ ሎንግን በኦብጀክት ልቀበል ቢሉ አይሆንም።

ሮጠች። ደስ ብሎኝ የኮንሶሉን መስመር አጥፍቼ ድጋሚ ሳስነሳት በመጀመሪያው ፋይል ላይ ተዘረጋች፤ «ነል ሪፈረንስ ኤክሴፕሽን» የሚል የስህተት መልእክት። ማንም ያልተያያዘበት ዴሊጌት ባዶ ዝርዝር ሳይሆን ነል (ጭራሽ ምንም የሌለበት) ነው። ማን እንደሚሰማው አይወቅ ያልኩት ክላስ ሰሚ ሲያጣ ሞተ። መድኃኒቱ አጭር ነው፦

ሲጠናቀቅ?.ኢንቮክ(ስም, መጠን);

ይህች የጥያቄ ምልክት በ2015 ከሲ ሻርፕ 6 ጋር ነው የመጣችው። ከዚያ በፊት ዴሊጌቱን ወደ ሎካል ቫሪያብል ቀድቶ፣ ነል አለመሆኑን አይቶ መጥራት ነበር ልማዱ። የሚቀዳውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ካየነው በኋላና ከመጥራታችን በፊት ሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ የሥራ መስመር) የመጨረሻውን አድማጭ ሊያነሳው ይችላል። አዲሷ አጻጻፍ ፊልዱን አንዴ ብቻ ስለምታነብ ይህንንም ትሸፍናለች።

ቅዳሜ፣ ማታ

ሎግ መዝጋቢውን አያያዝኩ። ሎጉ ይጽፋል፣ ኮንሶሉ ግን ዝም። ኢረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ከሃያ ደቂቃ በላይ የኮንሶሉን ሜተድ ስመረምር ቆየሁ፤ ጥፋቱ ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር። የእኩል ምልክት ብቻ ነበር የጻፍኩት። የእኩል ምልክት ዝርዝሩን አጥፍቶ አዲሱን ብቻ ያስቀምጣል፤ ለመጨመር += ነው የሚያስፈልገው።

ይህን ስህተት እኔ ራሴ ገና በመጀመሪያው ቀን ከሠራሁት ማንም ይሠራዋል። ስለዚህ ፊልዱ ላይ አንድ ቃል ጨመርኩ፦

ፐብሊክ ኢቨንት የፋይል_ዜና ሲጠናቀቅ;

«ኢቨንት» አዲስ ነገር አይደለም፤ ዴሊጌቱ ያው ነው፣ አጥር ነው የታጠረበት። ከክላሱ ውጭ ያለ ሰው ማድረግ የሚችለው += እና -= ብቻ ይሆናል፤ ዝርዝሩን ማጥፋትም ሆነ ዴሊጌቱን መጥራት አይችልም። ቃሏን ስጨምር ኮምፓይለሩ ሦስት ቦታ ላይ ጮኸ። ሁለቱ የእኩል ምልክቶች ነበሩ። ሦስተኛው አስደነገጠኝ፤ የመስኮቱ ክላስ ውስጥ፣ መቶኛዋ ትንቀሳቀስ እንደሆነ ለማየት ብዬ፣ ገልባጩን ወክዬ «ፋይል ተጠናቋል» የሚል የሐሰት ጥሪ ጽፌ ረስቼዋለሁ። ሎጉ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ መስመር የነበረው ለካ ለዚህ ነው።

እሑድ

የዛሬው ስህተት ከሁሉም ትምህርት ሰጪው ነው፣ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ገልባጩ የትኛውን ፋይል መገልበጥ እንዳለበት የሚወስነው ክፍልም በኢፍ የተሞላ ነበር፤ ጊዜያዊ ፋይል ከሆነ ተወው፣ ከ2 ጊጋባይት ከበለጠ ተወው፣ የተደበቀ ከሆነ ተወው። ይህንንም ወደ ውጭ ላውጣው አልኩ። አሁን የሚያስፈልገኝ መልስ የሚሰጥ ዴሊጌት ነው፤ የፋይል ስም ተቀብሎ እውነት ወይም ሐሰት የሚመልስ። ለዚህ አዲስ ማወጅ አያስፈልግም፣ ዶትኔት (ሲ ሻርፕ የሚሮጥበት መድረክ) ውስጥ ዝግጁ አለ። ምንም የማይመልስ ከሆነ «አክሽን»፣ የሚመልስ ከሆነ «ፈንክ»፤ ሁለቱም እስከ 16 ፓራሜትር ድረስ ይሄዳሉ (16 ፓራሜትር የሚቀበል ሜተድ የጻፈ ሰው ካለ ግን ሌላ ችግር አለበት)። አንድ ነገር ተቀብሎ ቡል ለሚመልስ ደግሞ «ፕሬዲኬት» አለ። እሱን ወሰድኩ፦

ፕሬዲኬት<ስትሪንግ> ይገልበጥ = ጊዜያዊ_አይደለም;
ይገልበጥ += ከልክ_ያልበለጠ;
ይገልበጥ += ያልተደበቀ;

ምን ያምራል! ሦስት ማጣሪያ፣ ሦስት መስመር። መሞከሪያ ፎልደሩ ላይ ለቀቅኳት። ተመልሼ ግልባጩን ሳየው ጊዜያዊ ፋይሎቹ አንድም ሳይቀሩ ተገልብጠዋል። የተደበቁት ግን ቀርተዋል።

ሦስቱም ሜተዶች ውስጥ ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ የሚቆምበት ምልክት) አስቀምጬ አንድ ጊዜያዊ ፋይል ተከተልኩ። መጀመሪያ «ጊዜያዊ_አይደለም» ተጠራና ሐሰት መለሰ። ልክ ነው። ከዚያ «ከልክ_ያልበለጠ»፤ እውነት። ከዚያ «ያልተደበቀ»፤ እውነት። ወደ ገልባጩ ስመለስ በእጄ የያዝኩት እውነት ነው። ሦስቱም ተጠይቀዋል፣ ሦስቱም መልሰዋል፣ የተሰማው ግን የመጨረሻው ብቻ ነው። ብዙ ሜተድ የተያያዘበት ዴሊጌት ሲጠራ ሁሉንም በቅደም ተከተል ይጠራል፣ የሚመልሰው ግን የመጨረሻውን መልስ ነው። ሌሎቹ መልሶች አየር ላይ ይቀራሉ። የተያያዙበትን ቅደም ተከተል ቀይሬ «ጊዜያዊ_አይደለም»ን መጨረሻ ሳደርገው ነገሩ ተገለበጠ፤ ጊዜያዊዎቹ ቀሩ፣ የተደበቁት ገቡ።

እኔ እያንዳንዱ += «እና» የሚል መስሎኝ ነበር። ቡል ስላየሁ ብቻ ያሰብኩት ነው። ዴሊጌቱ ቡል ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም፤ ሦስት ጥሪ ያውቃል፣ አንድ መመለሻ ቦታ ያውቃል።

+=ን ጣልኩትና ተራ ሊስት አደረግኩት፤ የፕሬዲኬቶች ሊስት። ከዚያ ገልባጩ ውስጥ አንድ መስመር፦

ማጣሪያዎች.ትሩ_ፎር_ኦል(ማጣሪያ => ማጣሪያ(ስም))

ሁሉም እውነት ካላሉ አይገለበጥም። የመጀመሪያው ሐሰት ካለም ሁለተኛውን መጠየቅ ይቀራል። ከዛሬ ጀምሮ ለራሴ የያዝኩት ደንብ፦ መልስ የሚመልስ ዴሊጌት ላይ += አልጽፍም።

እሑድ፣ ማታ

ሌላም አለ። ገልባጩ እንዴት እንደሚገለብጥም ከውጭ እንዲሰጠው ፈለግኩ፤ እንዳለ መገልበጥ ወይም አጭቆ መገልበጥ። «አክሽን<ስትሪንግ, ስትሪንግ>» አልኩና የሚያጭቀውን በላምዳ (እዚያው የሚጻፍ ስም አልባ ሜተድ) ጻፍኩ። ገልባጩ መጀመሪያ ምንጩን ቀጥሎ መድረሻውን ያቀብላል። እኔ ላምዳው ላይ «(መድረሻ, ምንጭ) =>» ብዬ ጀመርኩ። ሁለቱም ስትሪንግ ስለሆኑ ኮምፓይለሩ ምን ይበል? የድሮው ባካፕ በአዲሱ ፋይል ላይ ተጻፈ። መሞከሪያ ፎልደር ላይ ስለነበርኩ ነው እንጂ የሁለት ወር ሥራ ይሄድ ነበር።

ስለዚህ አክሽንና ፈንክ እያሉ የራስን ዴሊጌት ማወጅ ቀረ የሚሉትን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሁለት ተመሳሳይ ዓይነት ፓራሜትር ካለ ስም ያስፈልጋል፦

ፐብሊክ ዴሊጌት ቮይድ አገላበጥ(ስትሪንግ ምንጭ, ስትሪንግ መድረሻ);

አሁን ኤዲተሩ ላይ ስጽፍ የትኛው የቱ እንደሆነ ይታያል። እውነቱን ለመናገር ግን ይህም ብቻውን አያስጥልም፤ ላምዳው ላይ ስሞቹን አቀያይሬ ብጽፍ ኮምፓይለሩ አሁንም ዝም ይላል። ጨርሶ እንዲከለክለኝ ምንጭንና መድረሻን ሁለት የተለያዩ ትናንሽ ስትራክት (የየራሳቸው ዓይነት) አደረግኳቸው። አሁን ካቀያየርኩ ኮምፓይል አይሆንም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ቅርጻቸው አንድ የሆነ ሁለት ዴሊጌቶች አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም። ስትራክት ከማድረጌ በፊት፣ ቀድሞ እንደ አክሽን የያዝኩትን ቫሪያብል ለ«አገላበጥ» ላቀብል ስል ዓይነቱ ልዩ ነው ተባልኩ። «ኒው አገላበጥ(የድሮው)» ብሎ መጠቅለል ያስፈልጋል።

ሰኞ፣ ማታ

መስኮቱ 37 በመቶ ላይ ቆመ። ገልባጩም ቆመ። ሎግ ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም ከፍቼው ነበርና ሎግ መዝጋቢው ሊጽፍ ሲል አልቻለም፣ ኤክሴፕሽን ወረወረ።

የተያያዙት በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ ኮንሶል፣ ሎግ፣ መስኮት። ኮንሶሉ ተጠራ። ሎጉ ተጠርቶ ወደቀ። መስኮቱ ጭራሽ አልተጠራም፤ አንዱ ከወደቀ ከሱ በኋላ ያሉት ወሬው አይደርሳቸውም። ኤክሴፕሽኑ ደግሞ እዚያው አይቀርም፣ በኢንቮክ በኩል ወጥቶ ገልባጩ ውስጥ ይገባል። ሰሚው ስለታመመ ተናጋሪው ሞተ ማለት ነው።

ዝርዝሩን ራሴ መዞር ነበረብኝ። «ጌት ኢንቮኬሽን ሊስት» የሚባል ሜተድ አለ፤ የተያያዙትን አንድ በአንድ በአሬይ ይሰጣል። በፎርኢች እየዞርኩ እያንዳንዱን በትራይና ካች አጥሬ እጠራለሁ። የወደቀውን «አድማጭ ወድቋል» በሚል ሌላ ዝርዝር ውስጥ አስቀምጬ መጨረሻ ላይ አወጣዋለሁ፤ ዝም ብሎ መዋጥ አልፈለግኩም።

ማጣሪያዎቹን ግን በዚህ መልክ አላጠርኳቸውም። ማጣሪያ ከወደቀ ገልባጩ መቆም አለበት፤ ይገልበጥ አይገልበጥ ሳይታወቅ መቀጠል ግምት ነው። አድማጭ የሆነውን ነገር ይሰማል፣ ማጣሪያ የሚሆነውን ይወስናል። ሁለቱም ዴሊጌት ናቸው፣ ሲወድቁ የሚገባቸው አያያዝ ግን የተለያየ ነው።

ማክሰኞ

ኮድ አልነካሁም። የነገሩን ታሪክ ሳነብ አመሸሁ። ዴሊጌት በሲ ሻርፕ አልተጀመረም፤ ማይክሮሶፍት በ1998 ቪዥዋል ጄ++ 6 ላይ ወደ ጃቫ ሊያስገባው ሞክሮ ነበር፣ የጃቫ ባለቤት ሰን ደግሞ አያስፈልግም፣ ኢነር ክላስ ይበቃል ብሎ በጽሑፍ ተቃወመ። የዚያ ሥራ መሪ የነበረው አንደርስ ሃይልስበርግ በኋላ ሲ ሻርፕን ነደፈ፤ ከዚያም በፊት ከጀርባው ዴልፊ የሚባለው ቋንቋ ነበረ፣ እዚያም ሜተድን ከነባለቤቱ የሚይዝ ተመሳሳይ ነገር አለ። በ2002 የወጣው የመጀመሪያው ሲ ሻርፕ ዴሊጌትን ከነኢቨንቱ ይዞ መጣ። ያኔ ሜተድ ለማያያዝ «ኒው» ብሎ መጠቅለል ግድ ነበር። በ2005 ስሙን ብቻ መጻፍ በቃ፣ በ2007 ላምዳ መጣ። ጃቫ ላምዳ ያገኘችው በ2014 ነው፤ እሷም ዴሊጌት ሳይሆን አንድ ሜተድ ባለው ኢንተርፌስ በኩል።

ረቡዕ

መስኮቱን ከፍቼ ዘጋሁ፣ ከፍቼ ዘጋሁ፣ ሦስተኛ ጊዜ ከፈትኩ። አሁን አንድ ፋይል ሲያልቅ መስኮቱ ላይ ያለው ቆጣሪ ኮድ ሦስት ጊዜ ይሮጣል። ስዘጋው የምነቅለው መስሎኝ ነበር፦

ገልባጭ.ሲጠናቀቅ += (ስም, መጠን) => መቶኛ_አሳይ(መጠን);
ገልባጭ.ሲጠናቀቅ -= (ስም, መጠን) => መቶኛ_አሳይ(መጠን);

ሁለቱ መስመሮች ለዓይን አንድ ናቸው። ለኮምፓይለሩ ግን ሁለት የተለያዩ ላምዳዎች፣ ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ስም አልባ ሜተዶች ናቸው። -= የሚፈልገው ሜተዱም ባለቤቱም የሚመሳሰልለትን ነው፤ ካላገኘ ዝም ብሎ ያልፋል። «የለም» እንኳ አይልም። ይህ ዝምታው ነው የሚያናድደኝ። ላምዳውን በስም ሜተድ ተካሁት፤ ወይም ላምዳውን ፊልድ ውስጥ አስቀምጦ በዚያው መንቀልም ይቻላል።

በዲበገር ዝርዝሩን ከፍቼ አየሁት። እያንዳንዱ ዴሊጌት «ሜተድ» እና «ታርጌት» የሚባሉ ሁለት ነገሮች ይዟል፤ የቱ ይጠራ፣ የማን ላይ ይጠራ። ስታቲክ ሜተድ ከሆነ ታርጌቱ ነል ነው። የኔዎቹ ታርጌቶች ላይ ከዘጋኋቸው መስኮቶች ሁለቱ ተቀምጠዋል፣ ከነሥዕላቸው ከነጽሑፋቸው። ጋርቤጅ ኮሌክተሩ (የማያስፈልገውን ከሜሞሪ የሚያጸዳው) አይነካቸውም፣ ምክንያቱም ገልባጩ በዝርዝሩ በኩል ይዟቸዋል፣ ገልባጩ ደግሞ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ በሕይወት አለ። ስለማንም አያውቅም ያልኩት ክላስ ሁሉንም በእጁ ይዞ ቁጭ ብሏል። ማወቅና መያዝ ሁለት ነገር መሆናቸውን ይህን ሳይ ነው የተረዳሁት።

ከነቀልኩ በኋላም መስኮቱ አንዳንዴ አንድ የመጨረሻ ጥሪ ይደርሰዋል። ዴሊጌት ራሱ አይለወጥም፤ += እና -= ሁልጊዜ አዲስ ይሠራሉ። ጥሪው በድሮው ዝርዝር ላይ ከተጀመረ በመሃል የተነቀለውም ተራው ደርሶ ይጠራል። መስኮቱ ውስጥ «ተዘግቻለሁ» የሚል ምልክት አስቀምጬ አለፍኩት።

ሐሙስ

ወደ አራት ዲስክ በአንዴ ለመገልበጥ አራት ሥራ በሊስት አዘጋጀሁ። ፎር ሉፕ፣ ቆጣሪው ከ0 እስከ 3፣ በየዙሩ «() => ገልብጥ(ዲስኮች[ቁ])» የሚል ላምዳ ሊስቱ ውስጥ መጨመር። ስለቀው አራቱም «ኢንዴክስ አውት ኦፍ ሬንጅ» ብለው ወደቁ። ላምዳው የ«ቁ»ን ዋጋ አይደለም የያዘው፣ «ቁ»ን ራሱን ነው፤ ሉፑ ሲያልቅ ደግሞ «ቁ» 4 ላይ ቆሟል። ሉፑ ውስጥ «ቫር የኔ = ቁ;» ብሎ «የኔ»ን መጠቀም ይፈታዋል። ፎርኢች ላይ ይህ ችግር ከሲ ሻርፕ 5 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 ወዲህ፣ የለም። ፎር ላይ ግን አሁንም አለ።

ከአንድ የቆየ ምሳሌ «ቢጊን ኢንቮክ»ን ቀድቼ ዴሊጌቱን በሌላ ትሬድ ላስጠራ ሞከርኩ። ኮምፓይል ሆነ፣ ሲሮጥ ግን ይህ ፕላትፎርም አይደግፈውም የሚል ኤክሴፕሽን ወረወረ። የድሮው ዶትኔት ፍሬምወርክ ላይ ይሠራ ነበር፣ ከዶትኔት ኮር ወዲህ የለም። በምትኩ «ታስክ» (ገና የሚያልቅ ሥራን የሚወክል ነገር) ተጠቀምኩ።

ዓርብ

የማረጋገጫው ሥራ አሲንክ (ሌላውን ሳያስቆም ቆይቶ የሚያልቅ) ነው፤ ዋናውንና ግልባጩን እያነበበ ሃሻቸውን (ከይዘታቸው የሚሰላ አጭር አሻራ) ያወዳድራል። ይህን እንደ አክሽን አቀበልኩት፣ «አሲንክ () => አዌይት አረጋግጥ()» ብዬ። «ሁሉም ተረጋግጧል» የሚለው መስመር ወዲያው ታየ፣ ዲስኩ ግን ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። አንድ ፋይል ሆን ብዬ ሳበላሽ ደግሞ ፕሮግራሙ በሙሉ ተዘጋ፤ ትራይና ካች ውስጥ ሆኖ!

አክሽን ምንም አይመልስም። አሲንክ ላምዳ ለአክሽን ሲሰጥ አሲንክ ቮይድ ይሆናል፤ የሚጠብቀው የለም፣ ኤክሴፕሽኑን የሚይዝለትም የለም። ዓይነቱን ወደ «ፈንክ<ታስክ>» ስቀይረው ላምዳው ላይ አንድ ፊደል ሳልነካ ሁሉም ተስተካከለ። ያው ላምዳ፣ እንደተቀባዩ ሌላ ነገር ይሆናል።

ከዚያ ሁለተኛ ማረጋገጫ በ+= ጨመርኩበት። እጄ ቁልፉ ላይ እንዳለ እሑድ ትዝ አለኝ። ፈንክ<ታስክ> መልስ ይመልሳል፤ መልሱ ታስክ ነው፤ የሚመለሰው ደግሞ የመጨረሻው ብቻ ነው። አዌይት የማደርገው፣ ማለትም የምጠብቀው፣ የሁለተኛውን ታስክ ይሆናል፣ የመጀመሪያው ያለ ጠባቂ ይሮጣል። አጠፋሁትና እንደ ማጣሪያዎቹ ሊስት አደረግኩት፤ ታስኮቹን ሰብስቦ «ዌን ኦል»፣ ሁሉም እስኪያልቁ መጠበቅ።

ቅዳሜ

«ገልባጭ» 74 መስመር ሆኗል። ኮንስትራክተሩ የሚቀበለው የማጣሪያዎችን ሊስትና «አገላበጥ»ን ብቻ ነው። የመጀመሪያዋን ቴስት ጻፍኩ፦

ቫር የተሰሙ = ኒው ሊስት<ስትሪንግ>();
ገልባጭ.ሲጠናቀቅ += (ስም, መጠን) => የተሰሙ.አድ(ስም);

ሦስት ፋይል ሰጠኋት፣ «የተሰሙ» ውስጥ ሦስት ስም ተገኘ። መስኮት አልተከፈተም።

የቀረኝ አንድ ነው። አራቱ ዲስኮች በየራሳቸው ትሬድ ስለሚሠሩ ዜናው የሚጠራው በዚያው በገልባጩ ትሬድ ላይ ነው፤ መስኮቱ ደግሞ ከራሱ ትሬድ ውጭ ሲነኩት ኤክሴፕሽን ይወረውራል። «ፕሮግረስ» የሚባለው ክላስ የተፈጠረበትን ሲንክሮናይዜሽን ኮንቴክስት (ሥራው የት ትሬድ ላይ መሮጥ እንዳለበት የሚያውቀውን) ይዞ ዜናውን እዚያ ያደርሳል፣ ስለዚህ መስኮቱ ትሬድ ላይ ከፈጠርኩት ይሆናል። ለጊዜው የመስኮቱን += አንስቼዋለሁ። ዛሬ ማታ በኮንሶል ብቻ፣ በእውነተኛው ፎልደር ላይ ትሮጣለች። የድሮውን ባካፕ ግን በእጄ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጬ አስቀምጫለሁ።